በሜሪላንድ ለወላጅ የወገብ ሕመም አኩፓንክቸር ይሻላል ወይስ ድራይ ኒድሊንግ?

ለእናትዎ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የመርፌ ሕክምና የት እንደሚሻል ለጠየቁን፣ እኔ የማስቀድመው ፈቃድ ያለውን የአኩፓንክቸር ባለሙያ ነው። አኩፓንክቸር ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የመጣ የመርፌ ሕክምና ሲሆን፣ ድራይ ኒድሊንግ ደግሞ መርፌን በተቋጠረ ጡንቻ ውስጥ መስካት ነው። ሁለቱም ሕክምናዎች መድኃኒት የሌለበትን ያንኑ ቀጭን መርፌ ይጠቀማሉ፤ ልዩነቱ ያለው በሥልጠናው ነው። ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት የተማረ የአኩፓንክቸር ባለሙያ ቢያንስ ሦስት የትምህርት ዓመት ሲያጠና፣ በሜሪላንድ ድራይ ኒድሊንግ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) በሙያው ላይ የሚጨምረው ቢያንስ 80 ሰዓት ሲሆን ግማሹ የተግባር ልምምድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች የጡንቻንና የነርቭን አሠራር ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ለስፖርተኛ የተቋጠረ ጡንቻ እነሱን ብመርጥ አላፍርም። መርፌ የሚሰጡ ሐኪሞችም አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሐኪም ቢያንስ 200 ሰዓት ሥልጠና ስለሚጠይቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሠለጠኑ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከሁሉ በላይ የምሠጋው ለትከሻና ለላይኛው ጀርባ ነው፤ ሳንባ ከቆዳ ብዙም ስለማይርቅ፣ ጥልቀቱን ያልለካ እጅ ሳንባን ሊወጋና በዙሪያው አየር እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል። ከሕክምናው በኋላ፣ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን፣ እናትዎን ድንገት ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሳይውሉ ሳያድሩ 911 ይደውሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ባለሙያው አስቀድሞ ይወቅ።

እኔ በምታከምበት ክሊኒክ ባለሙያዋ እጇን ታጥባ የታሸገውን መርፌ ዓይኔ እያየ ትከፍታለች፤ ስትጨርስ የሰካችውንና የነቀለችውን ቆጥራ አመሳክራ፣ ወዲያው ጠንካራው የመርፌ ማስወገጃ ሣጥን ውስጥ ትጥለዋለች። መርፌው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ የአሜሪካ ሕግ ግዴታ እንጂ የክሊኒኩ ቸርነት አይደለም፤ ይህን ካላዩ እናትዎን ይዘው ይውጡ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ፣ የታወቀ ምክንያት ላልተገኘለት የወገብ ሕመም በ90 ቀናት ውስጥ እስከ 12 ሕክምና ይሸፍናል፤ ለውጥ ከታየ ሌላ 8 ይጨምራል። ለትከሻ ወይም ለጉልበት ግን አይከፍልም። ለአኩፓንክቸር ባለሙያ በቀጥታ ስለማይከፍል፣ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ክሊኒኩ ሂሳቡን የሚያስገባለት ሐኪም እንዳለው ያረጋግጡ።