ሊዮን ላይ ቅዳሜና እሁድ አለኝ፤ ምን ልይ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሥልጠና ፈረንሳይ፣ ሊዮን እሄዳለሁ። ሥልጠናው አርብ ያልቃል፤ ቅዳሜና እሁድ የራሴ ናቸው። አሊያንስ የተማርኳት ፈረንሳይኛ መንገድ ለመጠየቅ ትበቃኛለች። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ፉርቪዬር ኮረብታ ላይ ውጪ» ይለኛል። ከእሱ ሌላ የግድ መታየት ያለበት ምንድን ነው? ነቢያትን ስለምጾም የምግቡንም ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጥለት ዘፒያሳ፦
እህቴ፣ ፉርቪዬርስ ውጪ። ከአሮጌው ከተማ በገመድ የሚሳብ ባቡር አለ፣ ወዲያው ያደርስሻል። ባዚሊካው (ትልቁ ቤተ ክርስቲያን) አጠገብ ቆመሽ ከተማውን ቁልቁል ታዪዋለሽ። የሮማውያኑ ቴአትርም እዚያው ቅርብ ነው።

እኔ ግን ጊዜሽን እንድትሰጪው የምፈልገው ለሌላኛው ኮረብታ፣ ለክሯ ሩስ ነው። ሊዮኖች ፉርቪዬርን «የሚጸልየው ኮረብታ»፣ ክሯ ሩስን «የሚሠራው ኮረብታ» ይሏቸዋል። የሐር ሸማኔዎች ሠፈር ነበር። እኔ ፒያሳ የሀገር ልብስ ሱቅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሸማኔ ጋር ስለ ጥለት ስነጋገር ነው የምውለው። እዚያ ሠፈር ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ።

ቀና ብለሽ ቤቶቹን እዪ። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለጌጥ አይደለም። ዣካር የሚባል ሰው የሠራው መሸመኛ ረጅም ስለሆነ በሌላ ቤት አይገባም። የእኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል፤ የእነሱ መሸመኛ ወደ ላይ ነው ያደገው።

ሜዞን ዴ ካኑ (የሐር ሸማኔዎች ቤት) የሚባል ቦታ አለ፤ በእጅ የሚሠራውን መሸመኛ እያሠሩ ያሳያሉ። ቅዳሜ አድርጊው። ከላይ የተበሳሱ ካርቶኖች በሰንሰለት ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። ሸማኔው በረገጠ ቁጥር አንድ ካርቶን ይዞራል። ቀዳዳ ባለበት የድሩ ክር ይነሳል፣ በሌለበት ይቀራል፤ በመሃል መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። አንድ ካርቶን ለአንድ ውርወራ ብቻ ነው። አበባ አንድ ቅጠል እስኪያወጣ ስንት ካርቶን እንደሚያልፍ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ዣካር ይህን የሠራው በ1804 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1831 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሸማኔዎች ለሥራቸው ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰንልን ብለው ነበር። ነጋዴዎቹ የተስማሙበትን ሲያፈርሱ አመፁ። ባንዲራቸው ላይ «እየሠሩ መኖር ወይም እየተዋጉ መሞት» የሚል ተጽፎ ነበር። እኔ ከነጋዴው ወገን ነኝ፤ ቢሆንም የሸማኔ ዋጋ ነገር ያንገበግበኛል። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩልኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ወደ ላይ በሜትሮ ሲ መስመር ውጪ፤ ወደ ታች በእግርሽ ውረጂ። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው በሕንፃ ውስጥ ለውስጥ የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች አሉ፤ ትራቡል ይሏቸዋል። ፕላስ ኮልቤር ላይ ያለው ኩር ዴ ቮራስ እንዳያመልጥሽ፤ የድንጋይ ደረጃው ግዙፍ ነው። ሰው የሚኖርበት ግቢ ስለሆነ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
እትዬ ጥለት እንዳሉት ስትወርጂ፣ ከኮረብታው ግርጌ የሦስቱ ጋሊያዎች አምፊቴአትር የሚባል የሮማውያን ትርኢት ማሳያ አለ። ዛሬ ጥቂት ድንጋይ ነው የቀረው፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን ቁሚበት። በ177 እ.ኤ.አ. ገደማ የሊዮን ክርስቲያኖች የተሠዉት በዚያ ነው፤ ባሪያ የነበረችው ብላንዲና ከእነርሱ አንዷ ናት። መሃሉ ላይ ለመታሰቢያ የቆመ እንጨት ታያለሽ። ታሪካቸው የተጻፈበትን ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። በዕድሜ የገፋው ጳጳስ ፖቲኑስ በእስር ቤት ሲያርፍ፣ በመንበሩ የተተካው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ነው። በልጅነቱ የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፐስን የሰማው ሄሬኔዎስ ማለቴ ነው።

መንገደኛው፦
ኅዳር መጨረሻ ካልሽ የመብራት በዓላቸው ላይ ልትደርሺ ትችያለሽ፤ ዲሴምበር 8 አካባቢ ነው። ሆቴልሽን ዛሬውኑ ያዢ፣ ከተማው ይጨናነቃል። በ1852 እ.ኤ.አ. ፉርቪዬር ላይ የእመቤታችን ሐውልት ሲመረቅ ሰው በየመስኮቱ ሻማ አበራ፤ በዓሉ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ የመብራት ትርኢት ይታያል። እኔ ግን የወደድኩት በየመስኮቱ ጠርዝ ላይ በብርጭቆ የሚደረደሩትን ትንንሽ ሻማዎች ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ክሯ ሩስ፣ እሁድ ፉርቪዬር ብያለሁ። የጾሙስ ነገር? ለእናቴ የሐር ስካርፍ ብገዛላትስ?

ጥለት ዘፒያሳ፦
ቡሾን የሚባሉት ምግብ ቤቶቻቸው ሥጋና ቅቤ ይበዛባቸዋል፤ ለአንቺ አይሆኑም። ክሯ ሩስ ጎዳናው ላይ ከሰኞ በስተቀር ጠዋት ጠዋት ገበያ አለ። ዳቦ፣ ወይራ፣ ፍራፍሬ ገዝተሽ ብዪ።

ስካርፉን ስትገዪ «የታተመ ነው የተሸመነ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱም ያምራሉ፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል። ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። የተሸመነ ከሆነ አበባው በጀርባም ከክሩ ጋር ተያይዞ ይታያል፣ ቀለሙ ተገልብጦ። ለእናትሽ ከሆነ ነጠላዋ ላይ የሚሄድ ቀለም ምረጪላት።