እህቴ የቤት ማኅበር ልትገባ ነው፤ ብሩን ልላክ ወይስ ልቆይ?

የሽምብጥ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። የማማክረው ሰው አጥቼ ነው እዚህ የምጽፈው። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር መምህርት ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አብረው ቤት ለመሥራት የቤት ማኅበር ተደራጅተዋል፤ በዝግ ሒሳብ (እንዲሁ ወጪ በማይደረግበት የባንክ ሒሳብ) የሚቀመጠውን ድርሻ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስገባች ስሟ ይሰረዛል ተብላለች። ደመወዟ ከኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም፤ ብሩ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። ትናንት ሌሊት ደውላ አለቀሰች። የተከራየችበት ግቢ በሩ በጊዜ ይቆለፋል፤ እንጀራ የምትጋግረው አከራይዋ በፈቀዱላት ቀን ብቻ ነው። "እቴቴ፣ ይቺ ካመለጠችኝ ዕድሜዬን በሰው ግቢ ነው የምጨርሰው" አለችኝ።

የምፈራው ሁለት ነገር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለሌላ ዘመድ ለቦታ መግዣ ብዬ የላክሁት ገንዘብ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግሞም ዜግነት ቀይሬያለሁ፤ ያለኝ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው። በእኔ ስም ማኅበሩ ውስጥ መግባት ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ፣ ቤቱ በእሷ ስም ሆኖ የእኔን ገንዘብ የሚያስከብር ውል አለ ወይ?

ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)
እህቴ፣ እኔ ተመልሼ እዚሁ ነው ያለሁት። በስምሽ አይሆንም። ማኅበር የከተማው ነዋሪ ሆኖ በራሱም በትዳር ጓደኛውም ስም ቤትም ቦታም ለሌለው ሰው ነው። ቢጫ ካርድሽ የሚጠቅምሽ በሌላ በኩል ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤት ማፍራት ይችላሉ። የተሠራ ቤት መግዛት፣ ወይም ሊዝ ጨረታ መግባት ትችያለሽ። ጨረታው ግን የባለገንዘብ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ አሸናፊው የሚለየው በሰጠው ዋጋና በቅድሚያ ክፍያው መጠን ነው። መምህር እዚያ ገብታ ከነጋዴ ጋር ልትፎካከር ነው? ማኅበር ቦታ የሚያገኘው ያለ ጨረታ፣ በምደባ ስለሆነ ለደመወዝተኛ የቀረው በር እሱ ነው።

ሒሳቡ በማኅበሩ ስም የተከፈተ ዝግ ሒሳብ መሆኑን የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። የማኅበሩን ሕጋዊ ሰውነት ምስክር ወረቀትም እንደዚሁ። በሊቀ መንበሩ የግል ሒሳብ አስገቡ ካሉ ግን አንድ ብር እንዳትልኪ።

የሮክቪሉ
ልጆቼ፣ እኔ ከ26 ዓመት በላይ ሜሪላንድ ኖሬያለሁ፤ የማውቀውን ልናገር። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በፈረንጆቹ 1974 የጀመረው ሕግ አለ። 20 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ድርጅት ቢያንስ 12.5 በመቶውን መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተወሰነ ዋጋ እንዲያቀርብ ይገደዳል። በለውጡ ከተፈቀደው በላይ አብዝቶ እንዲሠራ ዕድል ይሰጠዋል። እኔ ታክሲ እየነዳሁ ነው በዚህ መንገድ ቤት ያገኘሁት። ደብዳቤው የመጣ ቀን ባለቤቴ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን ሳትታጠብ ነው የቀማችኝ፤ ፖስታው ላይ የደረቀው የጤፍ ሊጥ እስካሁን አለ። ጎረቤታችን ሐኪም ነበር፤ ልጆቻችን በአንድ አውቶቡስ ነው ትምህርት ቤት የሄዱት።

ባሕር ዳር የሐይቁን ዳር ለሆቴል፣ መሀሉን ለባለሀብት ስትሰጥ ለምን እንዲህ ዓይነት ግዴታ አታስገባም? መምህሯ ለምን ሁልጊዜ ከከተማ ወጥታ ትሠፍራለች?

ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እዚያ መሬቱ የግል ነው፤ እዚህ የመንግሥት ነው። ከተማው ማንንም ሳያስገድድ በራሱ መሬት ላይ ያሻውን መወሰን ይችላል። ችግሩ ከምደባው በኋላ ነው። የእኛ ማኅበር ካርታ ከያዘ በኋላ መንገድም ውኃም አልነበረም። ድንጋይ የጫነ መኪና በክረምት ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ሦስት ቀን አደረ። ጉድጓድ ያስቆፈርነው፣ ምሰሶ የገዛነው አዋጥተን ነው። በዚያ ላይ ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረቱ ዋጋ አልቀመስ አለ። እህቴ፣ ድርሻው መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው እንዳይመስልሽ።

ዘንባባ (ሚኒያፖሊስ)
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። እናቴ እኛን ያሳደገችን በቀበሌ ቤት ነው፤ በ1967 አዋጅ ከተወረሱት አንዱ። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከበሩ ፊት አንድ ማንጎ። ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው እርጥብ ሽታ ከቡናው ጢስ ጋር ሲገናኝ... እዚህ በረዶ ስጠርግ ድንገት ይመጣብኛል። በየወሩ እልካለሁ፤ እሷ ግን "ብሩን ተዪው፣ አንቺን አምጪልኝ" ነው የምትለው። ለእህትሽ ላኪላት። የራስ በር ቁልፍ ትልቅ ነገር ነው።

የዘንዘልማ ልጅ (ስቶክሆልም)
ሁላችሁም ስለ ቦታው ታወራላችሁ፤ ቦታው ከማን እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። አባቴ ዳጉሳና በቆሎ ያርስ ነበር። መሬቱ ለከተማ ማስፋፊያ ሲወሰድ በሥራ ላይ የነበረው የ1997 አዋጅ ነው፤ የዓመት ገቢው አማካይ በአሥር ተባዝቶ ተሰጠው። የ2011 አዋጅ 15 ዓመት አድርጎታል፤ ለእሱ ግን አልደረሰለትም። ብሩ በአራት ዓመት አለቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳጉሳ ከገበያ ሸመተ። ጎተራውን እናቴ የዶሮ ማደሪያ አድርጋዋለች። በርካሽ የተሰጠ ቤት ሲባል ርካሽ ያደረገው ማን ነው?

የሽምብጥ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ወንድሜ፣ ስለ አባትህ በጣም አዝናለሁ። እህቴ ግን የማንንም መሬት አልቀማችም። 11 ዓመት አስተምራ ማረፊያ ነው የፈለገችው።

የዘንዘልማ ልጅ (ስቶክሆልም)
እህትሽን አልወቀስኩም። ያልኩት ካሳው በዓመት ገቢ ሳይሆን በሚሠራበት ቤት ይታሰብ ነው። ከየማኅበሩ አንድ ሁለት ቤት ለተነሺው ገበሬ ቢሰጥ ምን ይጎድላል? የሮክቪሉ ጋሼ ያሉት 12.5 በመቶ እኮ ለዚህ ነበር የሚሆነው።

ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)
ማን ይክፈለው? ደመወዝተኛው? ካሳውን የሚጨምር መንግሥት ነው እንጂ ኪራይ መክፈል ያቃታት መምህርት አይደለችም!

የሮክቪሉ
ተረጋጉ ልጆቼ። ልጁ ያለው እውነት ነው፤ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ለድሃ ነው። እህቴ፣ ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ ለማስረዳት ይቸግራል። ብድር ከሆነ ይጻፍ፤ ስጦታ ከሆነ ደግሞ አታስቢው።

የሽምብጥ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
አመሰግናለሁ ጋሼ። ደረሰኙን አሁን ላከችልኝ፤ በማኅበሩ ስም ነው። ዓርብ እልካለሁ። ግን በእጄ ያሳደግኋትን እህቴን "ፈርሚልኝ" ማለት ከየት ይጀመራል? እንዲህ ያደረገ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የዘንዘልማ ልጅ (ስቶክሆልም)
ቦታው የት ነው የተባለው?

የሽምብጥ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ገና አልተመደበም ብላኛለች። ሲነግሯት እጽፍልሃለሁ።