በሮኪ ፍላትስ ዙሪያ ያለው ፕሉቶኒየም የፋብሪካው ነው ወይስ የቦምብ ሙከራው?

ሰብለ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከዴንቨር በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ አርቫዳ ነው። ከ1952 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. የኑክሌር ቦምቦች የፕሉቶኒየም እምብርት ይመረትበት የነበረው የሮኪ ፍላትስ ግቢ ከሰፈራችን አይርቅም። ይሁንና ከቦምብ ሙከራዎች የተረፈ ፕሉቶኒየም በመላው ዓለም አፈር ላይ ስላረፈ፣ ከጓሮዬ በሚወሰድ አፈር ውስጥ ቢገኝ የፋብሪካው ነው ወይስ የሙከራው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ተስፋዬ፦ እኅቴ ሰብለ፣ ዋናው መለያ ፕሉቶኒየም-240 ከፕሉቶኒየም-239 ጋር ያለው ጥምርታ ነው፤ እነዚህ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የፕሉቶኒየም ዓይነቶች ናቸው። ወደ ፕሉቶኒየም የሚለወጠው ዩራኒየም በኑክሌር ሪአክተር ውስጥ በቆየ ቁጥር 240 እየበዛ ስለሚሄድ፣ ለጦር መሣሪያ ተብሎ ቶሎ የሚወጣው ጥምርታው 0.06 ገደማ ብቻ ነው፤ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ከሙከራዎች የወረደው 0.18 አካባቢ ሲሆን፣ ከቼርኖቢል የወጣው ወደ 0.4 ይጠጋል። ውጤቱ በ0.06 እና በ0.18 መካከል ከዋለ ሁለቱ ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ የየድርሻቸውም መጠን ይሰላል። የሁለቱ አይሶቶፖች የአልፋ ጨረር ጉልበት እጅግ ስለሚቀራረብ ግን በተለመደው የአልፋ ልኬት አይለያዩም፤ አተሞችን በክብደታቸው የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያም በፊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በኬሚካል ተጣርቶ መውጣት አለበት፤ ዩራኒየም-238 አንድ ሃይድሮጂን ከያዘ ክብደቱ 239 ሆኖ መሣሪያውን ያሳስታልና።

ሙሉ፦ በተስፋዬ ላይ ልጨምር፤ እኔ ሲዚየም-137 የተባለው፣ ከኑክሌር ፍንዳታ የሚወጣ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አብሮ እንዲለካ እመክራለሁ። የሙከራው ዝቃጭ ሲዚየም ይዞ ይወርዳል፤ የፋብሪካው ፕሉቶኒየም ግን አስቀድሞ የተጣራ ስለነበር ሲዚየም አላመጣም። በ1969 እ.ኤ.አ. በፋብሪካው ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ኬሚስቱ ኤድዋርድ ማርቴልና ባልደረቦቻቸው ከግቢው ውጭ አፈር ወስደው ከሙከራው ድርሻ በላይ የሆነ ፕሉቶኒየም ሲያገኙ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው ቃጠሎው ነበር፤ ዋናው ምንጭ ግን በግቢው ውስጥ 903 በሚባለው ቦታ ተከማችተው ሲያንጠባጥቡ የኖሩ፣ በፕሉቶኒየም የተበከለ የማሽን ዘይት በርሜሎች ሆነው ተገኙ። ብርቱው የምዕራብ ነፋስ ያንን አፈር ወደ ምሥራቅ በትኖታል፤ ከዚያ ቦታ በተራቀ ቁጥርም መጠኑ ይቀንሳል።

ሰብለ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያየኋቸው ሪፖርቶች ግን «239/240» ብለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጡት።

ተስፋዬ፦ እሱ የሁለቱ ድምር ነው፤ ጥምርታ እንዳይመስልዎት። መጠኑን እንጂ ምንጩን አይነግርዎትም። ላብራቶሪው ጥምርታውን በማስ ስፔክትሮሜትር እንዲያወጣልዎ ይጠይቁ። አፈሩም ካልተቆፈረና ካልታረሰ ቦታ፣ ከላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ይወሰድ፤ ፕሉቶኒየም ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ አብዛኛው ከላይ ስለሚቀር፣ ጠልቆ የተወሰደ ናሙና ውጤቱን ያሳንሰዋል።