የዳሌ መገጣጠሚያቸው ተቀይሮ ወደ ገጠር የሚመለሱ አባታችንን እንዴት እናስታምም?

የኩታበሩ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የግራ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ አልቆ ለዓመታት ሲያነክሱ ከቆዩ በኋላ በቅርቡ አዲስ አበባ ላይ በሰው ሠራሽ ተቀይሮላቸዋል። ሐኪሙ «ዳሌዎ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍ፣ እግርዎንም አያነባብሩ» ብለው ሊሸኟቸው ነው። ቤታችን ግን ደሴ አጠገብ ኩታበር ወረዳ ገጠር ውስጥ ሲሆን፣ መቀመጫው ዱካና መደብ፣ መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚባልበት ጉድጓድ ነው፤ ሰላታቸውንም የሚሰግዱት መሬት ላይ ነው። በዚያ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ «ወጌሻ በቅቤ ቢያሻቸው ቶሎ ይፍታታሉ» እያለ ይመክረናል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የሐይቅ ዳር፦
አብሽር ወንድሜ፣ እኔም ዳሌዬ ተቀይሮልኝ ዛሬ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ አናጢ ፈልጉ። የእጅ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር አሠሩላቸው፤ ቁመቱን ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ ለክታችሁ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሩበት፤ ምክንያቱም ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ዝቅ ማለት አለበት። ሌላውን ወንበር መቀመጫውን መካከሉን አስቀድዳችሁ ከጉድጓዱ በላይ አቁሙት፤ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ግን ከወለሉ ጋር ይታሰሩ። ሲቀመጡም ሲነሡም የታከመውን እግር ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው በክንዳቸው ይደገፉ። ዱካውን ለቡና አፍይዋ ተዉላት።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ትራስ አድርጉላቸውና ደብረ ብርሃን፣ ሸዋሮቢትና ከሚሴ ላይ፣ በመካከልም እያወረዳችሁ ጥቂት አራምዷቸው።

ፊዚዮቴራፒስት ከደሴ፦
የወንበሩ ምክር ትክክል ነው። ወጌሻውን ግን በአክብሮት መልሱት። የጭን አጥንቱ ጫፍ ኳስም እሱ የሚገባበት የዳሌው ጽዋም ሰው ሠራሽ በመሆኑ፣ በቀዶ ሕክምናው የተከፈተው ጡንቻና ጅማት እስኪጠገን ድረስ እግሩ ቢጎተት ወይም ወደ ውስጥ ቢጠመዘዝ ኳሱ ከጽዋው ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ሆስፒታል መመለስ ግድ ይሆናል። ባታቸው ውስጥ የረጋ ደም ካለ ደግሞ ማሸቱ ፈንቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ቅቤውም ቢሆን ያልደረቀ ቁስል እንዳይነካ።

ሐኪሙ የነገሯቸው ክልከላ ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ለተቀየረለት ሰው የሚሰጥ ነው፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይጸናል። ከፊት በኩል ከሆነ የሚከለከለው እንቅስቃሴ ስለሚለይ የመውጫ ወረቀታቸውን አንብቡ። ሲተኙ በጭኖቻቸው መካከል ትራስ ይኑር። የእግር ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና የመቀመጫ ጡንቻን እያጠበቁ መልቀቅ አልጋ ላይ ሆነው የሚሠሩት ነው፤ ለደም ማቅጠኛ የታዘዘውንም መድኃኒት ደህና ሆንኩ ብለው አያቋርጡ። ከዎከር (ባለ አራት እግር መደገፊያ) ወደ ከዘራ ሲሸጋገሩ ከዘራው በቀኝ እጃቸው፣ ማለትም ጤነኛው እግር ባለበት በኩል ይያዝ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይይዘዋል።

ባታቸው ቢያብጥና ቢያማቸው፣ ከቁስሉ መግል ቢወጣ፣ ቢያተኩሳቸው ወይም እግሩ በድንገት አጥሮ መቆም ቢያቅታቸው፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረሱ፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተሰማቸው ግን ለሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

ከወረባቦ፦
ስለ ሰላቱ ልጨምር። መሬት መውረድ የማይችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይፈቀድለታል። ሩኩዑንና ሱጁዱን (ማጎንበሱንና በግንባር መደፋቱን) ጭንቅላታቸውን ዝቅ በማድረግ ያመልክቱ፣ ሱጁዱን ከሩኩዑ ዝቅ አድርገው፤ ወገባቸውን ግን ወደ ጉልበታቸው አያጥፉ። እኔ የምሠጋው ለውዱእ ነው፤ እግራቸውን ለማጠብ ሲጎነበሱ ዳሌያቸው ከተባለው በላይ ይታጠፋልና ከልጆቻችሁ አንዱ ውኃ እያፈሰሰ ይጠብላቸው።

የኩታበሩ (ጠያቂ)፦
አላህ ይስጥልኝ። ወጌሻውን አስቀርተናል፣ አናጢውም ነገ ይመጣል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ወደ ቤታችን የሚያስገባው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ እንዴት ይውጡት?

ፊዚዮቴራፒስት ከደሴ፦
ሲወጡ ጤነኛው ቀኝ እግር ይቅደም፣ የታከመው ግራ እግርና ከዘራው ይከተሉ። ሲወርዱ ከዘራውና የታከመው እግር ይቅደሙ። አንድ ሰው ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው ይቁም፤ በሸበጥም አይሞክሩት።