ክርክር፦ ጓያ ለሰው ምግብ እንዳይሸጥ ይከልከል?

አወያይ፦ አንድ አባል «ሽባ የሚያደርግ እህል በየገበያው ያለ ከልካይ ይሸጣል፣ ሽሮ ውስጥም ይገባል፤ ሽያጩ በሕግ ይታገድ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ድጋፍም ተቃውሞም ከነምክንያቱ ይጻፍ።

የነርቭ ሐኪም፦ ይታገድ ባይ ነኝ። መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ የሚጎዳውም እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ነው። ሰውየው አእምሮው ንጹሕ ነው፣ ሲነኩት ይሰማዋል፤ ግን ባቱ ይሸመቅቃል፣ እግሩ ይገተራል፣ ሲራመድ ጉልበቱ እየተጠላለፈ በእግሩ ጣቶች ይቆማል። ቀለል ያለለት ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፣ ሌላው በአንድ፣ ሌላው በሁለት፤ የባሰበት ይድሃል። የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ይበልጥ የሚጠቃው ደግሞ ሥራ የሚሠራው ወጣት ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976/77 ጎንደር ደምቢያ ላይ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወሎ ደላንታና ዳውንት ላይ ጓያ ብዙ ሰው ሽባ ሲያደርግ የሆነውን የሚያውቅ ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

የሰብል ባለሙያ፦ ዶክተር፣ የጠቀሷቸው ሁለቱ ቦታዎች ናቸው ለኔ ክርክር የሚረዱት። እዚያ ሰው የተሰበረው፣ ማለት ሽባ የሆነው፣ ገበያ ወጥቶ በገዛው ጓያ ሳይሆን ሌላው ሰብል ከስሞ ጎተራው ውስጥ በቀረው ነው። የሽያጭ እገዳ ጎተራ አይገባም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከለከለች፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም።

ለምን እንደማይተው ማሳው ላይ ይታያል። ዋልካ አፈር ላይ ክረምቱን ውሃ ይተኛል፤ ምስር ቢዘሩበት ይበሰብሳል። ጓያ መስከረም ላይ ውሃው ሲጠፍ በጭቃው ላይ ይበተናል፣ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ዝናብ ቢቀርም ችሎ ያፈራል። ይህን የሚተካ ሳናቀርብ ተው ማለት ምን ዋጋ አለው?

የምግብ ሳይንስ መምህርት፦ ሁለታችሁም መጠኑን ዘለላችሁት። ጓያ የሚሰብረው አልፎ አልፎ የቀመሰውን አይደለም፤ ከዕለት ምግቡ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ለሁለትና ሦስት ወር የቆየውን ነው። አበሳሰሉም ለውጥ ያመጣል። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ፦ ጓያው ይከካና ገለባው ይወገድ። ለአንድ እጅ ክክ አምስት እጅ የፈላ ውሃ ይፍሰስበትና ይደር። ጠዋት ውሃው ይደፋ፣ ክኩ ይታጠብ፤ እንደገና በብዙ ውሃ ይቀቀልና ያም ውሃ ይደፋ። መርዙ ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

የሚበላሸው የቱ ላይ መሰላችሁ? ንፍሮ ሲሆን ውሃው እስኪመጥ ይቀቀላል፣ መርዙም እዚያው ይቀራል። ያልቦካ ቂጣም እንደዚያው። ቆሎ ማድረግም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ቤት ደግሞ «እንፋሎቱ ይሰብራል» ተብሎ ከድስቱ ይሸሻል፤ ንፍሮው ግን ይበላል! ሌላው፣ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ሲደባለቅ ጓያ የሚጎድለውን ሜቲዮኒን የተባለ የፕሮቲን ክፍል እህሉ ይሞላለታል። ብቻውን አይበላ።

የነርቭ ሐኪም፦ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ውሃና ማገዶ ላለው። ድርቅ በመታው ቀበሌ ግማሽ ቀን ተሂዶ የተቀዳ ውሃ ሁለቴ ይደፋል? ምክሩ የሚያስፈልግበት ጊዜና ምክሩ የማይሠራበት ጊዜ አንድ ነው።

እህል ነጋዴ፦ ከተማውን ረሳችሁት። ጓያ ከአተርም ከሽምብራም ይረክሳል፤ መቀላቀሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥሬው አይደበቅም፤ ጠርዝ ያለው፣ መጥረቢያ መሳይ፣ ግራጫ ዥጉርጉር ነው። ከተከካ ግን ቢጫ ነው፣ የአተር ክክ ይመስላል። በርበሬና ቅመም ገብቶበት ከተፈጨ በዓይን የሚለየው የለም። መምህርት ሲሶ አይለፍ አሉ፤ ሽሮው ውስጥ ስንት እጅ እንደገባ ያልተነገረው ሰው በምን ይለካ? እኔ ጥሬው ይሸጥ፣ የተፈጨው ላይ ግን «ጓያ አለበት፣ ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ። እስከዚያው ጥሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ራስ ቆሞ ማስፈጨት ነው።

የሰብል ባለሙያ፦ ይህ ያስማማኛል። ለገጠሩ ደግሞ ዋሴ የተባለው መርዙ አነስተኛ የሆነ ዝርያ አለ፤ የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ያወጣው ነው። ግን ዘር ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። ንብ ከጎረቤት ማሳ ታዳቅለዋለች፤ ገበሬው ከራሱ ምርት ዘር እያስቀረ ሲቀጥል ንጽሕናው ይጠፋል። ስለዚህ ዘሩ በየጊዜው ይታደስ፣ የዘር ማሳውም ከአካባቢው ጓያ ይራቅ። ድርቅና የዚንክ እጥረት መርዙን ከፍ እንደሚያደርጉትም አይረሳ፤ ዋልካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዚንክ ያንሰዋል።

የነርቭ ሐኪም፦ ማለት ዝርያው የሚፈተነው ሰው ጓያ ብቻ በሚበላበት በዚያው ዓመት ነው። እገዳውን ለተፈጨው ብቻ ላድርገው፣ እሺ። ግን የድርቅ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ጓያ አብቃይ ወረዳዎች ቀድመው እህል ይድረሳቸው። ዘይትና ስንዴ ሦስተኛው ወር ላይ ቢመጣ ለእግሩ አይደርስም።

እህል ነጋዴ፦ በጓያው ልዋጭ ስንዴ ይሰጠው። ጓያውን ይዞ የሚቆይ ገበሬ ሲርበው መብላቱ አይቀርም።

የምግብ ሳይንስ መምህርት፦ የተለወጠውስ ጓያ ወዴት ይሄዳል? ወደ ከተማ ሽሮ ከሆነ የት ደረስን? ለከብት ይሁን ካላችሁም ፈረስ ላይ ያው ሽባነት እንደሚታይ አስቡበት።