የአርባ ድግስ በእድር ደንብ ይከልከል?

አወያይ፦ የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንቡን ሊያሻሽል ነው። ለሰልስትና ለአርባ መደገስ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

የሰፈሩ ሽማግሌ፦ አልደግፍም። ተዝካር ከአያቶቻችን የመጣ ነው። ለነፍስ ይጸለይበታል፣ ድሃ ይበላበታል። እድር ድንኳን ይትከል፣ ቀብር ያስፈጽም። በሰው ጓዳ ምን አገባው?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ጠለፋም ከአያቶቻችን ነው የመጣው። በ1949ኙ የወንጀል ሕግ የተጠለፈችው ልጅ ለጋብቻ «ፈቀደች» ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። ይህ የተሻረው በ1996ቱ ሕግ ነው። «ለምን?» ብለው የጠየቁ ሰዎች ባይኖሩ እስከ ዛሬ በቆየ ነበር።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ያ ግፍ ነው። ጸሎትን ከሱ ጋር አታነጻጽር።

የሴቶች እድር አባል፦ እውነታቸውን ነው፣ አንድ አይደለም። ግን የኛን ቤት ልንገራችሁ። አባቴ ሲሞት እናቴ ለአርባው በሬ የገዛችው ተበድራ ነው። ዕዳው ያለቀው ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው። አትደግሺ ብለን ለምነናት ነበር። «ባሏን እንደ ውሻ ቀበረችው ይሉኛል» አለች። እስቲ ማን ይጀምር? ያለው ቢተው ቆጥቋጣ ይባላል። የሌለው ቢተው ችግሩ አደባባይ ይወጣል። ደንብ ቢኖር እኮ እናቴ «እድሩ ከልክሎኝ ነው» ትል ነበር። ያቺን አንዲት ቃል አጥታ ነው የተበደረችው።

የቀድሞ ጸሐፊ፦ እኔ በነበርኩበት እድር እንዲህ ያለ አንቀጽ ከነቅጣቱ አጽድቀን ነበር። መጀመሪያ የጣሰው የኮሚቴ አባል ነው። የቀጣው የለም። በዚያው ቀረ። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ግን እኛ ሰፈር ሁሉም ተወው፣ የታማም የለም። ክልከላው ሲነሳ ድግሱ ተመለሰ።

ወጣቱ፦ በአማራ ክልል ያሉት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሰዎች ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ተዝካር የላቸውም።

ሽማግሌው፦ እነሱ በ1964 ዓ.ም አምነውበት የመሠረቱት ማኅበር ነው። እኛን የሰበሰበን ጉርብትና ነው። እሺ፣ የእናትሽ ነገር ከብዶኛል። በሬው ይቅር። ፍትሐቱና ለነዳያን የሚሰጠው ግን አይነካ።

የሴቶች እድር አባል፦ እሱን ማን ነካው ጋሼ? አንድ ነገር ብቻ። ደንቡ ሲረቀቅ እኛም እንኑር። ጭስ ውስጥ የምንከርመው እኛ ነን።

ሽማግሌው፦ ይሁን። ቅጣቱ ላይ ግን አልተስማማሁም። ሐዘንተኛ እንዴት ይቀጣል?

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ኮሚቴው ይቀጣ። ሐዘንተኛው ይታለፍ።