ክርክር፦ የክብር ተማሪዎች ማኅበር አባል በውጤት ብቻ ይመረጥ ወይስ ጠባዩም ይመዘን?

መነሻ፦ (ተከራካሪዎቹ በድሬዳዋ ሰፈሮች ስም ተጠርተዋል።) ድሬዳዋ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ማኅበር ቢቋቋም መስፈርቱ ምን ይሁን? ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ብሔራዊ የክብር ማኅበር አራት ነገር ይጠይቃል፤ ትምህርት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና ጠባይ። ዝቅተኛው አማካይ 85 ከመቶ ነው፤ እሱን ያለፈ ግን ለመወዳደር በቃ እንጂ አባል ሆነ ማለት አይደለም።

ከዚራ፦ ውጤት ይበቃል። ሮስተር፣ የውጤት መዝገቡ ማለት ነው፣ አይዋሽም። ጠባይ ይመዘን ከተባለ ጥያቄ የሚያበዛው ልጅ «ረባሽ»፣ ዝም የሚለው «ጨዋ» ይባልና ያልቃል።

ሳቢያን፦ ይቅርታ፣ እርስዎ ሮስተር አይዋሽም ያሉት...

ከዚራ፦ አንቱታውን ተወው አቦ፣ ድሬ ነን።

ሳቢያን፦ እሺ፣ ሮስተር ይዋሻል። የአንዱ ሴክሽን 85 ከሌላው 85 ጋር እኩል አይደለም። አንዱ መምህር ለቤት ሥራ ሙሉ ማርክ ይሰጣል፣ ሌላው ይቆነጥራል። በቡድን ሥራ ደግሞ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ሴሚስተር አማካይ ይታይ፤ ሁሉም ሴክሽን በጋራ የተፈተነው ፈተና ለብቻው ይነበብ። በደረጃ መምረጥ ከዚህም ይብሳል። ጠንካራ ክፍል ውስጥ 4ኛ የወጣ ልጅ ይቀርና ደካማ ክፍል ውስጥ 1ኛ የወጣው ይገባል።

ለገሀሬ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የአገልግሎት ሰዓት ነው። «40 ሰዓት አምጡ» ብትል ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወረቀቱ በአክስት ፊርማ ተሞልቶ ይመጣል። ቀኑ፣ ሥራው፣ እርዳታ ያገኘው ክፍል ወይም ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ ተቆጣጣሪ ፊርማ፤ ይኸው በየወሩ ይመዝገብ። ደግሞ ከትምህርት በኋላ ታይዋን ገበያ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ለክበብ ሰዓት የለውም። ታናናሾቹን ማስጠናቱ ካልተቆጠረለት ማኅበሩ ጊዜ የተረፋቸው ልጆች ስብስብ ይሆናል።

መጋላ፦ መሪነትም እንደዚያው ነው። 1 ለ 5ን፣ አንድ ተማሪ አምስቱን ይመራል የተባለበትን አደረጃጀት፣ አይተነዋል፣ መሪ ተብሎ ስም የተያዘለት ሁሉ አልመራም። የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ነኝ ካለ በሴሚስተሩ ስንት ፕሮግራም በሰዓቱ አስተላለፈ? እሱ ይጠየቅ።

ከዚራ፦ ጠባይን ዘላችሁት አለፋችሁ።

ሳቢያን፦ አልዘለልንም። ጠባይ በተጻፈ ድርጊት ይታይ፤ ኩረጃ፣ ያለ ፈቃድ መቅረት፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አለመመለስ፣ በቋንቋ ወይም በብሔር መሳደብ። ቀን ያልተጻፈበት ክስ አይቆጠር። የሚወስኑት አምስት መምህራን ይሁኑ፣ በአብላጫ ድምፅ። በአሜሪካውም አምስት ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ይመርጣቸዋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ዩኒት ሊደሩ፣ የተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠረው፣ መዝገቡን ያቅርብ፣ ድምፅ ግን አይኑረው። ራሱ በቀጣው ልጅ ላይ ዳኛ ሊሆን አይገባም። አባል የሚሰናበትም በጽሑፍ ተነግሮትና ቀርቦ መልስ ከሰጠ በኋላ ብቻ ይሁን።

ከዚራ፦ ኩረጃን ተቀብያለሁ፤ ዩኒት ሊደሩ ድምፅ ከሌለው ደግሞ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። የጸጉር ቁርጥና የዩኒፎርም ቁልፍ ግን ከጠባይ ዝርዝር ይውጡ።

መጋላ፦ ይውጡ።

ለገሀሬ፦ ማርፈድም አብሮ ይውጣ። ከገንደ ቆሬ ሰፈር በእግሩ የሚመጣና በባጃጅ በር ላይ የሚወርድ በአንድ ደወል አይለኩም።

ሳቢያን፦ ማርፈድ ላይ አልስማማም። ይመዝገብ፣ ምክንያቱ ግን አጠገቡ ይጻፍ።